ከኡራካሚ ካቴድራል የተረፈው ግድግዳ

በጃፓን አገር፥ በናጋሳኪ ከተማ፥ የአቶም ቦምብ ከፈነዳበት አየር በታች በተከለለው የመታሰቢያ ሥፍራ ውስጥ፥ አንድ ቍራጭ ግድግዳ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከሸክላና ከድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጣራ የለውም፥ በር የለውም፥ ከጎኑም የሚደግፈው ሌላ ግድግዳ የለም። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ የፍንዳታውን ማዕከል የሚያመለክት ጥቁር የድንጋይ ዐምድ ተተክሏል። ይህ ግድግዳ ቀድሞ የኡራካሚ ካቴድራል አካል ነበረ። አሁን ወደሚገኝበት ሥፍራ የመጣው ግን ካቴድራሉ በቦምብ በፈረሰበት በ1945 ዓ.ም. ሳይሆን፥ ከዚያ የተረፈው ፍርስራሽ በሰው እጅ በተነሣበት በ1958 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል፥ ስለ ድርሰትና ስለ ሥነ ጥበብ በሚነገርበት መጽሔት ስለ አንድ የፈረሰ ግድግዳ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ሐውልትም እንደ ድርሰት ሊመረመር ይገባዋል ብለን እናምናለን። ደራሲ ቃል እንደሚመርጥ ሁሉ ሐውልት አቋሚም ድንጋይ ይመርጣል፤ ቦታ ይመርጣል፤ የሚታየውንና የማይታየውን ይለያል። ደራሲው ከጻፈው ሌላ የሰረዘው እንደሚመረመር፥ ሐውልት ያቆሙ ሰዎችም ካቆሙት ሌላ ያፈረሱት ሊመረመር ይገባል። የኡራካሚው ግድግዳ ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ ተቀዶ የቀረ ገጽ ነው። ገጹ እውነተኛ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። የእኛ ጥያቄ፥ ይህ ገጽ ብቻውን ሲነበብ ምን ይላል? ምንስ ይቀርበታል? የሚል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የኡራካሚን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኡራካሚ ከናጋሳኪ ወደብ በስተ ሰሜን የሚገኝ ሸለቆ ሲሆን ቀድሞ የገበሬዎች መንደር ነበረ። የጃፓን መንግሥት በ1614 ዓ.ም. የክርስትናን ሃይማኖት በመላ አገሩ ከከለከለ በኋላ፥ የዚህ መንደር ሰዎች ሃይማኖታቸውን በልባቸው ሰውረው፥ ያለ ካህንና ያለ ቤተ ክርስቲያን፥ ጸሎቱን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖሩ። ሹማምንቱ ሕዝቡን እየሰበሰቡ የክርስቶስን ወይም የእመቤታችንን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ያስገድዱት ነበር። የረገጠው ወደ ቤቱ ይሰናበታል፤ እንቢ ያለው ይቀጣል። ከመንደሩ ሰዎች ብዙዎቹ ይረግጡና ወደ ቤታቸው ተመልሰው በስውር ንስሐ ይገቡ ነበር ይባላል።

በ1865 ዓ.ም. በናጋሳኪ በኦውራ በተባለው ሠፈር ለባዕዳን ነዋሪዎች በተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ ከኡራካሚ የመጡ ሰዎች ወደ አንድ ፈረንሳዊ ካህን ቀርበው ሃይማኖታቸው ከእርሱ ጋር አንድ መሆኑን በምስጢር ገለጡለት። ነገር ግን ክልከላው ገና አልተነሣም ነበርና ምስጢሩ ሲታወቅ መከራው እንደገና መጣ። ከ1867 ዓ.ም. ጀምሮ የመንደሩ ሰዎች ተያዙ፤ 3,400 ያህል ሰዎች ከቀያቸው ተነቅለው ወደ ልዩ ልዩ አውራጃዎች ተጋዙ፤ ከእነዚህም ከ600 የሚበልጡት በግዞት ሳሉ ሞቱ። ክልከላው በ1873 ዓ.ም. ሲነሣ የተረፉት ወደ ኡራካሚ ተመለሱ።

እነዚህ ሰዎች ከግዞት ሲመለሱ ያገኙት ባዶ ቤትና ጠፍ መሬት ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመታት ቈይተው አንድ ቦታ ገዙ። የገዙትም ቦታ ከሁሉ ይልቅ የሚመረጠው ወይም የሚረክሰው ስለ ሆነ አልነበረም። ሕዝቡ ተሰብስቦ ምስሉን ይረግጥበት የነበረውን የመንደሩን ሹም ግቢ ነበር የገዙት። በዚያም ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን እያዋጡ በ1895 ዓ.ም. ካቴድራሉን መሥራት ጀመሩ፤ በ1914 ዓ.ም. ሕንጻው ተፈጸመ፤ ሁለቱ የደወል ማማዎች ደግሞ በ1925 ዓ.ም. ተጨመሩ። በዚያ ዘመን በሩቅ ምሥራቅ ካሉት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ታላቁ ይባል ነበር። እንግዲህ አንባቢያችን ይህን ነገር ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ ለምናቀርበው አስተያየት መሠረቱ እዚህ ነውና። አያቶች ተገደው ምስል በረገጡበት መሬት ላይ የልጅ ልጆቻቸው ተንበረከኩ። የሕንጻው ትርጕም በሸክላው ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ከቦታውም ጋር የተያያዘ ነበር።

በነሐሴ ወር 1945 ዓ.ም. በ9ኛው ቀን አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን ኮኩራ ወደምትባለው ከተማ ሄዶ ሰማዩ ስለ ተሸፈነበት ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ቦምቡ በኡራካሚ ሸለቆ ላይ፥ ከመሬት 500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ፈነዳ። ካቴድራሉ ከዚያ ሥፍራ የሚርቀው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በዚያች ሰዓት ሁለት ካህናት ለእመቤታችን የፍልሰታ በዓል የሚዘጋጁትን ምእመናን ኑዛዜ እየተቀበሉ ነበር፤ እነርሱም፥ ሕዝቡም ከሕንጻው ጋር ጠፉ። በእኛ አገር አቈጣጠር ዕለቱ ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ነበረ፤ ይኸውም የጾመ ፍልሰታ ሦስተኛው ቀን ማለት ነው። የኢትዮጵያ ምእመናን በዚያው ሳምንት በየቤተ ክርስቲያናቸው ለዚያው በዓል ጾም ይዘው እንደ ነበረ ስናስብ፥ ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ሆኖ አይሰማንም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በናጋሳኪ 74,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል፤ በኡራካሚ ከነበሩት 12,000 ያህል ካቶሊካውያን የሞቱት 8,500 ያህል ናቸው።

ከፍንዳታው በኋላ ከካቴድራሉ የተረፉት ጥቂት ግድግዳዎች፥ እሳት ያጠቈራቸው የቅዱሳን ምስሎችና በፍርስራሽ ሥር የተቀበረ አንድ ደወል ነበሩ። የተረፉት ምእመናን ደወሉን ቈፍረው አወጡና በዚያው በ1945 ዓ.ም. በልደት ዋዜማ ሌሊት ደወሉት። ኋላ ስለዚህ ደወል መጽሐፍ የጻፈው ሐኪሙ ታካሺ ናጋይ፥ እርሱ ራሱ በቦምቡ የቈሰለና ሚስቱን ያጣ ሰው፥ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በፍርስራሹ ፊት በተደረገው የሙታን ጸሎት ላይ ተነሥቶ የኡራካሚ ሙታን ስለ ሰላም የቀረበ መሥዋዕት ናቸው የሚል ንግግር አደረገ። ይህ አሳብ ልባቸው ለተሰበረ ሰዎች ታላቅ መጽናኛ ሆኗቸዋል። ሌሎች ግን፥ የሰው እጅ የሠራውን በደል የእግዚአብሔር ፈቃድ ያስመስለዋል ብለው ነቅፈውታል። እኛ በዚህ መካከል ገብተን ለመፍረድ አንደፍርም። ለማስታወስ የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ፍርስራሹ ቆሞ ሳለ በፊቱ የሚቆም ሰው እንዲህ ያለ ክርክር ይነሣበት እንደ ነበረ ነው።

ፍርስራሹ በኮረብታው ላይ ወደ 13 ዓመት ገደማ ቆየ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በከተማው ሁለት አሳቦች ተነሡ። የከተማው አስተዳደር የቦምቡን ቅርሶች ለመጠበቅ ያቋቋመው ኮሚቴና ከምክር ቤቱ አባሎች ብዙዎቹ ፍርስራሹ እንዳለ እንዲጠበቅ ይሹ ነበር። የናጋሳኪ ጳጳስ አይጂሮ ያማጉቺና ምእመናኑ ግን አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ቦታ ላይ መሠራት አለበት አሉ። ከንቲባው ጹቶሙ ታጋዋም፥ በመጀመሪያ የመጠበቁን አሳብ የሚደግፍ ይመስል ነበር፤ በመጨረሻ ግን ፍርስራሹ ለሰላም ጕዳይ የግድ የሚያስፈልግ አይደለም ወደሚለው አሳብ አዘነበለ። ናጋሳኪ በ1955 ዓ.ም. ሴንት ፖል ከምትባለው የአሜሪካ ከተማ ጋር የእኅትማማችነት ስምምነት ማድረጓንና ከንቲባው በ1956 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ መሄዱን እያነሡ፥ አሳቡ የተለወጠው በዚያ ምክንያት ነው ብለው የሚጠረጥሩ ጸሐፊዎች አሉ። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለምና እኛ በዚህ ላይ አንቆምም። በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ በምክር ቤቱ ብርቱ ክርክር ተደረገ፤ በመጋቢት ወርም ፍርስራሹ መነሣት ጀመረ። ከግድግዳው አንዱ ክፍል ብቻ ተለይቶ ወደ መታሰቢያው ሥፍራ ተወሰደ። አዲሱ ካቴድራል በ1959 ዓ.ም. በብረትና በስሚንቶ ተሠርቶ በቀድሞው ቦታ ቆመ።

ለምእመናኑ ወገን ሳንመሰክር ብናልፍ ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው እንዲጸለይበት ነው። ከቤተ ሰቡ ብዙውን የቀበረ ሰው፥ ጐብኚዎች ፎቶግራፍ የሚያነሡትን ፍርስራሽ እያየ በጊዜያዊ ቤት ውስጥ እንዲያስቀድስ ማስገደድ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ቀደም ብለን እንዳመለከትነው ቦታው በግዞትና በሞት የተገዛ ነበር። ወደ ሌላ ቦታ ሂዱና ሥሩ ማለት፥ አያቶቻችሁ የመለሱትን መሬት ልቀቁ ማለት ነበር። የከተማው ሰዎች ፍርስራሹን የዓለም ሁሉ ምስክር ነው ብለው ሲጠይቁ እውነት ይዘው ነበር፤ ምእመናኑም የእኛ ቤት ነው ብለው ሲመልሱ እውነት ይዘው ነበር። ሁለት እውነቶች በተጋጩበት ጊዜ የተገኘው ማስታረቂያ ይህ ቍራጭ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ስንመረምር የምንመረምረው ያንን ዕርቅ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሐውልቱ ራሱ እንመለስ። በመጀመሪያ ሊመሰገን የሚገባውን እናመስግን። አንደኛ፥ ግድግዳው የውሸት ነገር የለበትም። ሠዓሊ አላስመሰለውም፤ ቀራፂ አላሳመረውም፤ በዚያች ደቂቃ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የነበረና እሳቱ የደረሰበት ነው። ሁለተኛ፥ መጠኑ ልከኛ ነው። የሚያየውን ሰው አያስፈራራውም፤ እንዲቀርበውና ሸክላዎቹን አንድ በአንድ እንዲመለከት ይጋብዘዋል። እያንዳንዱ ሸክላ በሰው እጅ የተነባበረ መሆኑን የተመለከተ ሰው፥ በቁጥር ብቻ የሚያውቃቸውን ሙታን እንደ ሰው ማሰብ ይጀምራል። ሦስተኛ፥ ግድግዳው ዝም ይላል። እዘን፥ ተቈጣ፥ ይቅር በል እያለ አያዝዝም።

የዚህን ዝምታ ዋጋ ለመረዳት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በሰላም መናፈሻ ውስጥ ከቆመው ትልቅ ሐውልት ጋር ማስተያየት ይበቃል። የናጋሳኪ አውራጃ ተወላጅ የሆነው ቀራፂ ሴይቦ ኪታሙራ የሠራው ይህ የነሐስ ሐውልት በ1955 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ቁመቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ጡንቻው የዳበረ አንድ ሰው ተቀምጦ ያሳያል፤ ወደ ሰማይ የቀሰረው ቀኝ እጁ ከላይ የሚመጣውን የቦምብ ጥፋት፥ ወደ ጎን የዘረጋው ግራ እጁ ሰላምን፥ የተከደኑት ዐይኖቹ ደግሞ ለሙታን የሚደረገውን ጸሎት ያመለክታሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ የቀራፂውም ችሎታ አይካድም። ነገር ግን እያንዳንዱ የአካል ክፍል ፍቺ ተሰጥቶት ስላለቀ ለተመልካቹ የሚያስበው ነገር አልቀረለትም። ተማሪ ትርጕሙን በቃሉ አጥንቶ ሊደግመው ይችላል። የኡራካሚን ግድግዳ ግን በቃል አጥንቶ መድገም አይቻልም፤ በፊቱ ቆሞ መጠየቅን ይፈልጋል። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ያስተምራል ቢሉን፥ ያለ ማመንታት ትንሹን ግድግዳ እንመርጣለን።

ይህን ካልን በኋላ ጕድለቱን መናገር ግዴታችን ነው። የመጀመሪያው ጕድለት የቦታው ነው። ግድግዳው አሁን የቆመው በፍንዳታው ማዕከል ሥር ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ያላወቀ ተመልካች ካቴድራሉ በዚያ የነበረ ሊመስለው ይችላል። ይህ ስሕተት በጽሑፍ ሊታረም ይችል ይሆናል። በጽሑፍ የማይታረመው ግን የትርጕሙ መጥበብ ነው። ግድግዳው በኮረብታው ላይ ሳለ ሁለት ምስክርነት ነበረው፤ አንዱ ስለ ቦምቡ፥ ሁለተኛው ምስል ይረገጥበት ስለ ነበረው ግቢና ስለ ተጋዙት ሰዎች። ወደ ሸለቆው በወረደ ጊዜ የአንዲቱን ደቂቃ ምስክርነት ይዞ ወረደ፤ የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመቱን ምስክርነት ግን በኮረብታው ላይ ትቶት መጣ። ስለዚህ ተመልካቹ የሚያየው በቦምብ የተመታ አንድ ሕንጻ ነው እንጂ፥ በራሱ መንግሥት የተሰደደ፥ ተመልሶም የሠራ፥ የሠራውም በሌላ መንግሥት ቦምብ የጠፋበት ሕዝብ አይደለም።

ድንጋይ ከቦታው ሲነቀል ትርጕሙ እንዴት እንደሚለወጥ ለኢትዮጵያ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1937 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት ከአክሱም የወሰደው ሐውልት በሮም አደባባይ፥ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ሕንጻ ፊት ቆሞ ነበር። ድንጋዩ ያው ነበረ፤ ቅርጹም ያው ነበረ፤ በሮም ሲታይ ግን የሚናገረው ስለ አክሱም ነገሥታት ሳይሆን ስለ ወሰዱት ሰዎች ነበር። በ2005 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ተመልሶ በ2008 ዓ.ም. በቦታው ሲተከል ግን ከጎኑ ካሉት ወንድሞቹ ጋር እንደገና መነበብ ጀመረ። የኡራካሚው ነገር ከዚህ የተለየ መሆኑን እናውቃለን፤ ግድግዳውን ያነሡት ወራሪዎች አይደሉም፤ የከተማው ልጆች ናቸው፤ ያነሡትም ለማክበር ነው። ሆኖም በክብር የተነቀለም ድንጋይ ያው የተነቀለ ድንጋይ ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ ይከተላል። «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው፥ ይህ ካቴድራል ሁለት ጊዜ ፈርሷል፤ በመጀመሪያ በጠላት ቦምብ፥ በሁለተኛ በወዳጅ መዶሻ። አሁን የቆመውን ግድግዳ ዳርቻውን የተመለከተ ሰው፥ የትኛውን ጠርዝ ፍንዳታው እንደ ሰበረው፥ የትኛውንም በ1958 ዓ.ም. የነበሩ ሠራተኞች እንደ ቈረጡት ለይቶ ማወቅ አይችልም። ሐውልቱ ስለ መጀመሪያው መፍረስ ጮኾ ይናገራል፤ ስለ ሁለተኛው ዝም ይላል። ቀደም ሲል ዝምታውን አመስግነን ነበር፤ ይህ ዝምታ ግን የዚያ ዓይነት አይደለም። ያኛው ተመልካቹን እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ይኸኛው የሚታሰበውን ነገር ይደብቅበታል።

ግድግዳው ባይነሣ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በዚያው በኡራካሚ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። ከካቴድራሉ ሁለት የደወል ማማዎች የሰሜኑ ጕልላት፥ ክብደቱ 50 ቶን ያህል የሆነው፥ በፍንዳታው ተገፍቶ በኮረብታው ቍልቍለት ወርዶ ከሥር በሚወርደው ወንዝ ላይ ወደቀ። ማንሣት ስላልተቻለ ሰዎቹ ጕልላቱን ትተው የወንዙን መንገድ ለወጡ፤ ጕልላቱም እስከ ዛሬ በወደቀበት ተኝቷል። ከፍንዳታው ማዕከል 800 ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሳኖ የሺንቶ መቅደስ ደግሞ፥ ከድንጋይ የተሠራው በር አንዱ እግሩ ተሰብሮ በሌላው እግሩ ብቻ ቆሞ ቀርቷል። ከሁለቱ አንዱንም ሐውልት እናድርገው ብሎ ያቀደ ሰው አልነበረም። ሆኖም ጕልላቱን ያየ ሰው ቀና ብሎ ከየት እንደ ወደቀ ያያል፤ በሩን ያየ ሰው የጐደለውን እግር በዐይኑ ይፈልጋል። ሁለቱም በቦታቸው ስላሉ የጐደለው ነገር ከተረፈው ጋር አብሮ ይታያል። የጃፓን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የናጋሳኪን የቦምብ ቅርሶች ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ብሎ ሲሰይም፥ ጕልላቱና ባለ አንድ እግሩ በር በዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል።

ከዚህም በላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ከተማው በ1996 ዓ.ም. አዲሱን የአቶም ቦምብ ቤተ መዘክር በከፈተ ጊዜ፥ የፈረሰውን የካቴድራል ግድግዳ አስመስሎ በቤቱ ውስጥ አሠራ። አዲሱ ካቴድራልም ራሱ በ1980 ዓ.ም. የቀድሞውን እንዲመስል በውጭ በኩል ሸክላ ተለበጠ። እንግዲህ እውነተኛው ፈርሶ ምስሉ ተሠራ ማለት ነው። ይህን የምንለው በሰዎቹ ለመሳለቅ አይደለም። ያፈረሱት ነገር ያስፈልጋቸው እንደ ነበረ ከማንም በፊት የመሰከሩት እነርሱ ራሳቸው ናቸው ለማለት ነው። የሂሮሺማ ከተማ በተመሳሳይ ክርክር ውስጥ ብዙ ዓመት ቈይታ፥ ፈርሶ የቆመውን ባለ ጕልላት ሕንጻ ለዘለዓለም እንዲጠበቅ በ1966 ዓ.ም. በምክር ቤቷ ወሰነች፤ ሕንጻውም በ1996 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ያለው ጊዜ ስምንት ዓመት ብቻ ነው። የናጋሳኪ ሰዎች ስምንት ዓመት ቢታገሡ ኖሮ ምን ይወስኑ ነበር? ብሎ መጠየቅ ሞኝነት አይመስለንም። የሂሮሺማው ሕንጻ ግን የማንም ምእመናን የጸሎት ቤት እንዳልነበረ ደግሞ መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድር ነው? የኡራካሚ ግድግዳ እንደ ቅርስ ክቡር፥ እንደ ሐውልት ግን ያልተፈጸመ ነው። ብቻውን የቆመ ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ሲነበብ ብቻ ሙሉ ይሆናል። ወደ ናጋሳኪ የሚሄድ ተማሪ ወይም መምህር ቢያማክረን፥ በሸለቆው ካለው ግድግዳ ጀምሮ በእግሩ ወደ ኮረብታው እንዲወጣ እንመክረዋለን። በመንገዱ ላይ የወደቀውን ጕልላት ያያል፤ በካቴድራሉ ፊት እሳት ያጠቈራቸውን የቅዱሳን ምስሎች ያያል፤ ውስጥም ገብቶ ዐይኖቿ የጠፉትንና ጕንጭዋ የተቃጠለውን የእመቤታችንን የእንጨት ምስል ራስ ያያል። ያ ጕዞ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተቀደደው ገጽ ወደ መጽሐፉ የሚመለሰው በዚያ ጕዞ ነው።

መጽሐፉም ገና እየተጻፈ ነው። በ1945 ዓ.ም. ከሁለቱ የካቴድራሉ ደወሎች አንዱ ሲተርፍ ሁለተኛው ተሰብሮ ነበር፤ የዚያም ማማ ያለ ደወል ሰማንያ ዓመት ያህል ቈየ። አሜሪካውያን ካቶሊካውያን ገንዘብ አዋጥተው በምትኩ አዲስ ደወል አሠሩና ላኩ። በነሐሴ ወር 2025 ዓ.ም. በ9ኛው ቀን፥ ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፥ ሁለቱ ደወሎች አንድ ላይ ተደወሉ። ቦምቡን ከጣለው ሕዝብ የመጣ ደወል ከቦምቡ ከተረፈው ደወል ጋር በአንድነት መሰማቱ፥ እንደ ሐውልት ሲታይ ከግድግዳው የሚበልጥ ነገር ነው። ምክንያቱም ደወሉ የተሰቀለው በቦታው ነው፤ የጐደለውን የሞላውም የጐደለ አልነበረም ሳይል ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው የሩቅ አገር ሰዎችን ለመውቀስ አይደለም። በአገራችንም አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት እየፈረሱ በስሚንቶና በቈርቈሮ ሲተኩ እናያለን፤ የሚያፈርሷቸውም ጠላቶች አይደሉም፤ ሰፋ ያለ የጸሎት ቦታ የሚሹ ምእመናን ናቸው፤ ፍላጎታቸውም ትክክል ነው። የድንጋዩና የእንጨቱ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በየአውራጃው ያላችሁ ሹማምንትና መምህራን፥ እንዲህ ያለ ነገር በአቅራቢያችሁ ሲታሰብ ከመዶሻው በፊት ብትደርሱ መልካም ነው። ሕንጻው በፎቶግራፍ ይነሣ፤ ልኩ ይመዝገብ፤ ማን እንደ ሠራውና ለምን በዚያ ቦታ እንደ ሠራው ከሽማግሌዎች ተጠይቆ ይጻፍ። አንድ ማዕዘን እንኳ ቢሆን በነበረበት ቦታ የሚቀርበት መንገድ ይፈለግ። ይህም ሁሉ ካልተቻለና ቍራጩ ወደ ሌላ ሥፍራ መሄዱ ካልቀረ፥ ከየት እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን ቀሪው በማን እጅና በምን ምክንያት እንደ ፈረሰ በላዩ ላይ ይጻፍበት። የኡራካሚ ግድግዳ ያስተማረን ትምህርት ይህ ነው፤ ትምህርቱም በውድ ዋጋ የተገዛ ስለ ሆነ በከንቱ እንዳይቀር እንመኛለን።